ዳገት ላይ ልቤ ሲመታ ያ ቀን ቢመለስብኝስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። ከ2 ዓመት በፊት የመኪና አደጋ ደርሶብኝ አጠገቤ የነበረችው ጓደኛዬ አልተረፈችም። እኔ አካሌ ድኗል፣ ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ የፍሬን ድምፅ ከሰማሁ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ይደርሳል፣ ላብ በላብ ነው የምሆነው። ቴራፒ ከጀመርኩ 5 ወር ሆነኝ፣ ትንሽ ለውጥ አለ። አሁን ጓደኞቼ የ4 ቀን የተራራ ትሬኪንግ እንሂድ ብለው ይዘውኛል፣ ተራራ ያድንሻል ይሉኛል። እኔ ግን ዳገት ላይ ትንፋሼ ሲቆራረጥ ያው ነገር እንዳይመጣብኝ ፈርቻለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እህቴ፣ የጓደኛሽን ነፍስ ይማር። ቴራፒስትሽ ካልከለከለችሽ ሂጂ ነው የምልሽ፣ ግን ቴራፒውን ትተሽ እንዳይሆን፣ ተራራ የሱን ቦታ አይተካም።

የፈራሽው ነገር ራሱ እኮ ነው የሚጠቅምሽ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሰውነትሽ ልብ ሲመታ ሞት መጣ ማለት ነው ብሎ ይዞታል፣ ስለዚህ ሳታውቂው ልብሽን ከሚያስመታ ነገር ሁሉ ስትሸሺ ቆይተሽ ይሆናል፣ ደረጃ እንኳ ቀስ ብለሽ የምትወጪ ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ግን ልብሽ የሚመታበት ምክንያት ይታወቃል፣ እየወጣሽ ስለሆነ ነው። ቁሚና እጅሽን ደረትሽ ላይ አርጊ፣ አይንሽን ከፊትሽ ያለ አንድ ድንጋይ ላይ ጣይና ትንፋሽሽን ቁጠሪ፣ ትንሽ ቆይቶ ከእጅሽ ስር እየረገበ ሲሄድ ይሰማሻል። ከዛ ትነሺና ትሄጃለሽ፣ እንደገና ይመታል፣ እንደገና ይረግባል፣ በቀን ስንቴ! ቴራፒስቶችም ይሄንኑ ክፍል ውስጥ ሆን ብለው ያደርጉታል፣ ታካሚውን ባለህበት ሩጥ ብለው ልቡን ካስመቱት በኋላ አብረውት ቁጭ ብለው እስኪረግብ ይጠብቃሉ።

ደሞ አዲስ ነገር አይደለም። ኧርል ሻፈር የሚባል አሜሪካዊ በ2ኛው የዓለም ጦርነት የቅርብ ጓደኛውን አጥቶ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1948 ጦርነቱን ከውስጡ በእግሩ ላውጣ ብሎ ተነሳ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለውን አፓላቺያን የሚባል የተራራ የእግር መንገድ ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በ124 ቀን ጨረሰው። በ1965 ደግሞ ሄደው፣ በ1998 ዕድሜው ወደ 80 ሲጠጋ ለ3ኛ ጊዜ ሄደው። እኔን የሚነካኝ ይሄ መመላለሱ ነው፣ ስለዚህ በ4 ቀን ካልዳንኩ ብለሽ ራስሽን እንዳታስጨንቂ።

አሁን ማንም ያልነገረሽ ነገር፣ እዛ ተራራ ስር የምትደርሺው በመኪና ነው። ጠመዝማዛ መንገድ፣ ገደል፣ ፍሬን... ላንቺ ከባዱ ዳገት እሱ ነው ብዬ ነው የማስበው። ስለዚህ ከቴራፒስትሽ ጋር ከሁሉ በፊት ስለሱ አውሩ፣ የት ወንበር እንደምትቀመጪ፣ ማን እንደሚነዳ፣ መቆም ስትፈልጊ ምን እንደምትዪ ቀድሞ ይታወቅ። ለሹፌሩ መናገር አያሳፍርም።

ከፍታም እንዳያሳስትሽ። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ህመም ሊይዝ ይችላል፣ ራስ ምታት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ስላለው ድንጋጤ ይመስላል። ድንጋጤው ቁጭ ብለሽ ስትቆዪ ይለቃል፣ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ካለቀቀሽ ግን ከፍታው ነው ብለሽ ያዢና ከዛ በላይ አትውጪ፣ እየባሰ ከሄደ ደሞ ውረጂ። አርፈሽም ትንፋሽ ካጠረሽ ወይ መራመድ ከተወላገደብሽ ሳይነጋም ቢሆን መውረድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሪበት ቦታ ካለፈው ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሌሊት ትንፋሽ ቆም እያለ ደንግጠሽ ልትነቂ ትችያለሽ፣ ከፍታ ላይ ጤነኛውም ሰው ይሆናል፣ ቅዠትሽ ባሰ ማለት አይደለም። የእንቅልፍ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ለሐኪምሽ ከፍታ ልወጣ ነው በዪ፣ አንዳንዱ ትንፋሽ ያደክማል።

ጓደኞችሽን ደሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ በ2ኛው ቀን ልመለስ ብትዪ ማን ነው አብሮሽ የሚወርደው? የሰውየው ስም ከመነሳታችሁ በፊት ይታወቅ።