ዋሌትህ አልተጠለፈም፣ ቦት ቀድሞህ ነው

ወንድሜ፣ «ዩኒስዋፕ (ክሪፕቶ ያለ አገናኝ ድርጅት የሚለዋወጡበት ገበያ) ላይ ቶከን፣ ማለትም የክሪፕቶ ሳንቲም፣ በገዛሁ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ካየሁት ያነሰ ይደርሰኛል፣ ዋሌቴ (የክሪፕቶ ቦርሳዬ) ተጠልፎ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። ቢጠለፍ ኖሮ ያነሰ አይደርስህም፣ ሙልጭ ነበር የሚያደርጉህ። ያጋጠመህ ሳንድዊች የሚባለው፣ በራሱ የሚገበያይ ፕሮግራም (ቦት) የሚሠራው ዘዴ ሳይሆን አይቀርም። ኢተርስካን በሚባለው፣ የኢቴሬም ኔትወርክ ግብይቶች ሁሉ በሚታዩበት ድረ ገጽ ላይ የሰዎችን ግብይት ከፍቼ ማየት ካዘወተርኩ ቆይቻለሁ፤ «ተጠለፍኩ» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ላይ የማየው ይህንኑ ነው።

ኮንፈርም ስትል ግብይትህ ወዲያው አይፈጸምም። ኢቴሬም ላይ አዲስ ብሎክ (አንድ ላይ የሚመዘገብ የግብይቶች ጥቅል) የሚወጣው በየ12 ሰከንዱ ነው። እስከዚያ ግብይትህ ሜምፑል የሚባል ወረፋ ላይ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ምን እንደምትገዛ፣ በስንት እንደምትገዛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋው እስከ ምን ድረስ ቢከፋብህ ዝም ብለህ እንደምትቀበል እዚያው ተጽፎ ይነበባል። ደላላ አጠገብህ ቆሞ እያለ «ይቺን ዕቃ እስከዚህ ብር ድረስ እገዛለሁ» ብለህ እንደመጮህ ነው። ቦቱ ካንተ ቀድሞ ይገዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ አንተ በተወደደው ትገዛለህ፣ ያንተ ግዢ ደግሞ ዋጋውን ይብስ ይሰቅለዋል፣ እሱ ያኔ ይሸጣል። አንተን በግዢውና በሽያጩ መካከል ስለሚያስገባህ ነው ሳንድዊች የተባለው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ እንዲገጥምለትም ብሎኩን ለሚያዘጋጀው አካል ጉርሻ ይከፍላል።

በቁጥር እንየው። የምትገዛበት ፑል (ሁለት ሳንቲሞች ለመለዋወጫ የተቀመጡበት ቋት) ውስጥ 1 ሚሊዮን ዩኤስዲቲ (አንዱ አንድ ዶላር የሚያወጣ ሳንቲም) እና 1 ሚሊዮን ቶከን አለ እንበል፣ የፑሉን ክፍያና ጋዙን (የኔትወርኩን ክፍያ) እንተወው። በ10,000 ዩኤስዲቲ ስትገዛ 9,900 ቶከን ገደማ ይታይሃል። ስሊፔጅህን፣ ማለትም ዋጋው ቢከፋብህ የምትቀበለውን ገደብ፣ 5 በመቶ ካደረግከው ግን «9,406 ቢደርሰኝም ይሁን» ብለሃል ማለት ነው። ቦቱ ይቺን ቁጥር ያነባታል። በ26 ሺህ ገደማ ቀድሞ ይገዛና ልክ እዚያች ወለል ላይ ያደርስሃል፣ ከዚያ የገዛውን ሸጦ 500 ዩኤስዲቲ አካባቢ ይዞ ይወጣል። ያጣኸው እሱ ያገኘውን ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ የሚወስድብህን መጠን የምትወስነው አንተ ነህ፣ በስሊፔጅህ።

ትልቅ ብር ያለውም አይድንም። በፈረንጆቹ ማርች 2025 አንድ ሰው ዩኒስዋፕ ላይ 220 ሺህ ዶላር ገደማ ዩኤስዲሲ ወደ ዩኤስዲቲ ሲቀይር የደረሰው 5 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ሁለቱም እኮ አንድ ዶላር የሚያወጡ ሳንቲሞች ናቸው! ሳንድዊች ያደረገው ቦት ከዚያ ውስጥ 200 ሺህ ያህሉን ለብሎክ አዘጋጁ ሰጥቶ ለራሱ ያስቀረው ጥቂት ሺህ ነው። ሰውየው የሚቀበለው ዝቅተኛ መጠን በደንብ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ግብይቱ ራሱ ይሰረዝ ነበር፣ የሚከስረው የጋዝ ብቻ ነበር።

ያንተን ለማረጋገጥ ሃሽህን (የግብይትህን መለያ ቁጥር) ኢተርስካን ላይ አስገባና ብሎኩን ክፈት። ካንተ በፊትና ካንተ በኋላ ያሉትን ግብይቶች ተመልከት። ያው አንድ አድራሻ ካንተ በፊት ያንኑ ቶከን ገዝቶ ካንተ በኋላ ከሸጠው፣ ሌላ ማስረጃ አትፈልግ።

አንዳንዶች «ቦት ገበያውን ያስተካክላል» ይላሉ። በሁለት ኤክስቼንጆች መካከል ያለ የዋጋ ልዩነት የሚያጠብበው አርቢትራጅ እውነትም ጥቅም አለው፣ እሱን አልቃወምም። ሳንድዊች ግን ለማንም ምንም አይሠራም፣ ካንተ ኪስ ወስዶ መሄድ ነው፤ ሕጉ ምንም ቢል ለእኔ ሌብነት ነው።

ምን ታደርጋለህ? ስሊፔጁን ራስህ ሙላው። ዶላርን በዶላር ስትቀይር 0.1 በመቶ ይበቃል፣ ብዙ ገንዘብ ያለበት ፑል ላይ 0.5 በቂ ነው። ግብይቱ ከተሰረዘብህ ተረጋግተህ ድገመው። ቴሌግራም ላይ «ስሊፔጁን 15 በመቶ አድርገው፣ አለዚያ አይገባልህም» የሚልህ ሰው በርህን ክፍት ተወው እያለህ ነው፤ እንደዚያ ካላደረግክ የማይገዛ ቶከን ባትገዛው ይሻላል። ሁለተኛው፣ ግብይትህ በሜምፑሉ በኩል እንዳያልፍ አድርግ። ፍላሽቦትስ ፕሮቴክት ወይም ኤምኢቪ ብሎከር የሚባሉትን፣ ግብይትህን ከሜምፑሉ ደብቀው የሚያደርሱ አገልግሎቶች፣ ሜታማስክህ (ዋሌትህ) ላይ እንደ ኔትወርክ መጨመር ትችላለህ፣ ነፃ ናቸው፣ አድራሻቸውን ግን ከራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ ውሰድ። ካው ስዋፕ የሚባለው መለዋወጫም የብዙ ሰው ትዕዛዝ ሰብስቦ በአንድ ዋጋ ስለሚያስፈጽም ለቦት አይመችም። ትንሽ ልትጠብቅ ትችላለህ፣ ያ ምንም አይደል።

ከጥያቄህ ስር «እኛም ቦት እንሥራና እንብላ» ያላችሁ ልጆች ደግሞ በጣም ነው ያሳሰባችሁኝ። ዩቲዩብ ላይ «ይህን ኮድ ኮፒ አድርገህ ኢቴሬም አስገባበት፣ ቦቱ ይሠራልሃል» የሚሉት ቪዲዮዎች ወጥመድ ናቸው። ያስገባችሁት ገንዘብ በቀጥታ ወደ ባለቪዲዮው ዋሌት ነው የሚሄደው። ጨዋታው ለባለሙያዎቹም ቢሆን የጅብ ጨዋታ ነው፦ በኤፕሪል 2023 ሳንድዊች የሚሠሩት ቦቶች ራሳቸው በሰከንዶች ውስጥ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ተወስዶባቸዋል፣ በዚሁ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች በ2024 ተከሰዋል።

አሁንም ግልጽ ካልሆነልህ ሃሽህን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን። ሃሹን ብቻ ነው ታዲያ። «ልርዳህ» ብሎ ኢንቦክስ ገብቶ የዋሌትህን 12 ቃላት (ዋሌትህን የሚከፍቱትን ምስጢራዊ ቃላት) የሚጠይቅህ ካለ ብሎክ አድርገው።