የውሃ ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ምን ይለናል? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ፒፋስና ስለ ስቴት ሕጎች

ፒፋስ ውሃም ዘይትም እንዳይዝባቸው ተብለው የተሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ኬሚካሎች የጋራ ስም ነው። በማይጣበቅ መጥበሻ፣ ዝናብ በማያስገባ ጃኬት፣ የነዳጅ እሳት በሚያጠፋ አረፋ ውስጥ ኖረዋል። ካርቦንና ፍሎሪንን ያጣበቀው ማሰሪያ በቀላሉ ስለማይፈታ አፈር ውስጥ ገብተው አይበሰብሱም፤ ከርሰ ምድር ውሃ ድረስ ይወርዳሉ። አሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን እነሆ።

የከተማችን የውሃ ድርጅት በላከልን ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ፒኤፍኦኤ (ከፒፋስ ዓይነቶች አንዱ) 0.0052 ይላል። ሕጉ የሚፈቅደው 4 ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ታዲያ እኛ ከገደቡ በጣም በታች ነን ማለት ነው?

አይደለም። መጀመሪያ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን መለኪያ ይዩ። ማይክሮግራም በሊትር (ፒፒቢ) የሚል ከሆነ በ1,000 ያባዙት፤ 0.0052 የነበረው 5.2 ናኖግራም በሊትር ይሆናል። አንድ ናኖግራም በሊትር አንድ ፒፒቲ ነው፣ ከትሪሊዮን አንድ እጅ። የፌዴራሉ 4 የተነገረው በዚህ መለኪያ ስለሆነ የእርስዎ ቁጥር ከገደቡ በላይ ነው። ሪፖርት ሲነበብ ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም አንድ ጊዜ 5.2 መውጣቱ ብቻውን ሕግ መጣስ አይባልም። በፌዴራሉ ደንብ የሚታየው የአራት ሩብ ዓመታት አማካይ ነው። ውጤቶቹ 6፣ 3፣ 5 እና 7 ናቸው እንበል። ከ4 በታች ያለው 3 እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ ድምሩ 18፣ ለአራት ሲካፈል 4.5 ይመጣል፣ ጥሰት ነው። 9፣ 3፣ 3፣ 3 ከሆነ ግን 9 ለአራት ተካፍሎ 2.25 ስለሚሆን ድርጅቱ አይጠየቅም። ከ4 በታች ያለው የሚዘለለው ላቦራቶሪዎች ሁሉ ከዚያ በታች በእርግጠኝነት መለካት ስለማይችሉ ነው። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዜሮ ተብሎ የተቆጠረ ውሃ ምንም የሌለበት ውሃ ነው ብለው አይውሰዱት።

«አልተገኘም» የሚለውንም ቃል በዚሁ ዓይን ይዩት። ከ2023 እስከ 2025 በተካሄደው አገር አቀፍ ምርመራ የፒኤፍኦኤና የፒኤፍኦኤስ (ሌላ የፒፋስ ዓይነት) ዝቅተኛ የሪፖርት ወሰን 4 ፒፒቲ ስለነበር፣ 3.9 ያለበት ውሃም «አልተገኘም» ተብሎ ተመዝግቧል። ለውሃ ድርጅቱ ደውለው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የላቦራቶሪው ዝርዝር ውጤት ከነሪፖርት ወሰኑ እንዲላክልዎ፣ ደግሞም የእርስዎ ሰፈር ከየትኛው ማጣሪያ ጣቢያ ወይም ጉድጓድ እንደሚጠጣ። ብዙ ምንጭ ባለው ከተማ የአንዱ ሰፈር ውሃ ከሌላው ሊለይ ይችላል።

እኔ ሚኒሶታ ነኝ፣ እኅቴ ኒው ጀርሲ። የእሷ ስቴት የራሱ ገደብ አለው፣ የእኛ ግን የለውም ትለኛለች። የፌዴራሉም ሕግ ሊላላ ነው ይባላል። የስቴት ሕግ ምን ያህል ያስጥላል?

በመጠጥ ውሃ ጉዳይ ስቴት ከፌዴራሉ ማጥበቅ ይችላል፤ ማላላት አይችልም። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው (ኢፒኤ) በሚያዝያ 2024 ለፒኤፍኦኤና ለፒኤፍኦኤስ ለእያንዳንዳቸው 4 ፒፒቲ፣ ለሌሎች ሦስት ዓይነቶች (ፒኤፍኤንኤ አንዱ ነው) ደግሞ 10 አወጣ፤ ለድብልቅም የተለየ ስሌት ጨመረ። በግንቦት 2025 ግን ሁለቱን 4ዎች ይዤ ማስፈጸሚያ ቀኑን ከ2029 ወደ 2031 ልገፋው፣ የቀሩትንም ልሽር አስቤአለሁ ሲል አስታወቀ። የስቴት ሕግ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ኒው ጀርሲ በ2018 ለፒኤፍኤንኤ 13 ፒፒቲ ስትወስን በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በ2020 ለፒኤፍኦኤ 14፣ ለፒኤፍኦኤስ 13 ጨመረች። እነዚህ ሁለቱ አሁን ከፌዴራሉ 4 የላሉ ስለሆኑ ማስፈጸሚያ ቀኑ ሲደርስ እኅትዎን የሚጠብቃት የፌዴራሉ ነው፤ እስከዚያ ግን የስቴቷ ነው። የፌዴራሉ የፒኤፍኤንኤ ገደብ ቢሻር ግን የኒው ጀርሲው 13 አብሮ አይሻርም። ሚሺጋን በ2020 ሰባት ዓይነት ፒፋስ ላይ ገደብ ጥላለች፤ የፒኤፍኤንኤው 6 ነው። ኒው ዮርክ በዚያው ዓመት ለፒኤፍኦኤና ለፒኤፍኦኤስ 10 አውጥታ፣ 1,4-ዳይኦክሴን ለተባለው ኬሚካልም 1 ፒፒቢ ብላ ወሰነች፤ ይህን በማድረግም ቀዳሚ ናት። ማሳቹሴትስ 20 ስትል የስድስት ዓይነቶችን ድምር ነው። ስለዚህ ስቴቶችን ሲያነጻጽሩ ቁጥሩ የአንዱ ነው ወይስ የድምር ብለው ይጠይቁ፤ አለዚያ 20 ከ14 የላላ ይመስላል።

እኅትዎ እውነቷን ነው፤ ሚኒሶታ የጤና መመሪያ ቁጥሮች አሏት እንጂ የራሷ አስገዳጅ የፒፋስ ገደብ የላትም። በሌላ በኩል የፒፋሱን መነሻ የሚዘጋ ሕግ አውጥታለች። በ2023 የጸደቀው የአማራ ሕግ (አማራ የወጣቷ ስም ነው) ለሕጉ ስትከራከር ቆይታ በ20 ዓመቷ በጉበት ካንሰር ባረፈችው በአማራ ስትራንዲ ስም ተጠርቷል። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረባቸው 11 ዓይነት ዕቃዎች እንዳይሸጡ ከልክሏል፤ መጥበሻና ድስት፣ ምንጣፍ፣ መዋቢያ፣ የጥርስ ክር ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ከ2032 ጀምሮ ግድ ካልሆነ በቀር በሁሉም ዕቃ ላይ ይከለከላል። ሜሪላንድም ከ2024 ጀምሮ በእሳት ማጥፊያ አረፋ፣ በምንጣፍና በምግብ መጠቅለያ ላይ ክልከላ አላት። ሜይን ደግሞ የፍሳሽ ዝቃጭ እርሻ ላይ እንዳይደፋ በ2022 ከልክላለች። አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ የገባን ፒፋስ ማውጣት ለትናንሽ ከተሞች ከአቅም በላይ ወጪ ነው፤ ስለዚህ ምንጩን የሚዘጋ ሕግ ከገደቡ እኩል ያስፈልጋል እንላለን።

የጉድጓድ ውሃ ያለበት ቤት ልንገዛ ነው። ሕጉ እኛንም ይሸፍናል?

አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። የፌዴራሉ ደንብ የሚመለከተው ቢያንስ 15 መስመር ያለውን ወይም 25 ሰው የሚያጠጣን አቅራቢ ነው። ኒው ጀርሲ ከሌሎቹ ትለያለች፤ የግል ጉድጓድ ያለው ቤት ሲሸጥ ውሃው እንዲመረመር ታስገድዳለች፣ ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮም ሦስት ዓይነት ፒፋስ ገብተውበታል። ሌላ ቦታ ከሆኑ ምርመራውን በግዢ ውሉ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ አድርገው ያስገቡ።

ናሙናውን ራስዎ የሚወስዱ ከሆነ፣ በስቴቱ ዕውቅና ካለው ላቦራቶሪ በኢፒኤ የምርመራ «ዘዴ 533» ወይም «ዘዴ 537.1» የሚሠራ የናሙና መውሰጃ ዕቃ ይዘዙ። የሚመጣው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ ነው። ውስጡ ዱቄት ቢያዩ ቆሻሻ መስሎዎት አያለቅልቁት፤ ናሙናውን የሚጠብቀው እሱ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ቅባትና መዋቢያ አይቀቡ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት አይልበሱ። እጅዎን ታጥበው የናይትራይል ጓንት ያድርጉ። ማለስለሻ ወይም ማጣሪያ ካለ ከእሱ በፊት ያለውን ቧንቧ ይምረጡ። ቀዝቃዛውን ውሃ 5 ደቂቃ ያህል ይልቀቁት፤ ክዳኑን በእጅዎ አፉን ወደታች ይዘው፣ ጠረጴዛ ላይ ሳያስቀምጡ፣ እስከ አንገቱ ይሙሉ። አይፍሰስ፤ ከፈሰሰ ዱቄቱም አብሮ ይሄዳል።

ከዕቃው ጋር ንጹሕ ውሃ የያዘ አንድ ጠርሙስና አንድ ባዶ ጠርሙስ ይመጣሉ። እዚያው ቧንቧው አጠገብ ንጹሑን ወደ ባዶው ይገልብጡ። በዚህ ላይ ፒፋስ ከተገኘ ከእጅ ወይም ከአካባቢው የመጣ ነው ማለት ነው፣ ምርመራውም ይደገማል። ይህን ጠርሙስ ተርፎ የመጣ መስሏቸው የሚጥሉት ብዙዎች ናቸው። ናሙናውን በበረዶ ከበው በሳምንቱ መጀመሪያ ይላኩት፤ ዓርብ የተላከ ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ውስጥ ሲሞቅ ይውላል።

ማፍላት ይጠቅማል? ማጣሪያስ የትኛውን ልግዛ?

ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፒፋስን ግን አይነካም። የስምጥ ሸለቆን የፍሎራይድ ውሃ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ እሱም አፍልተውት አይለቅም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ፒፋሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፦ 8 ፒፒቲ ያለበት አንድ ሊትር ግማሽ እስኪሆን ከተንተከተከ 16 ይሆናል። ጀበና ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለሰዓታት ውሃ እየተጨመረበት ለሚሠራ ወጥ ግን የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ።

ማጣሪያ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ካለው ማስታወቂያ ይልቅ የደረጃውን ቁጥር ይዩ። ኤንኤስኤፍ/አንሲ በተባለው የማጣሪያ መፈተኛ ደረጃ፣ 42 ስለ ክሎሪንና ስለ ጣዕም ብቻ ነው። የሚፈልጉት 53 (የካርቦን) ወይም 58 (ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ውሃውን በግፊት ሜምብሬን በተባለ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ) ነው። 53 መባሉም ብቻውን አይበቃም፤ ሊድ (እርሳስ) ለተባለው ብረት ብቻ ተፈትኖ 53 የተባለ አለና ዝርዝሩ ውስጥ ፒኤፍኦኤና ፒኤፍኦኤስ ወይም «ጠቅላላ ፒፋስ» ተጽፎ ያግኙ።

የካርቦን ማጣሪያ የሚበላሸው ሲጠግብ ነው፤ ውሃው ጥርት ብሎ እየወረደ ፒፋሱ ያልፋል፣ ጣዕሙም አያሳብቅም። ስለዚህ በጋሎን ይቁጠሩ፦ ለ100 ጋሎን የተሠራ ማጣሪያ በቀን 3 ጋሎን ለመጠጥና ለምግብ በሚጠቀም ቤት የሚቆየው 33 ቀን ነው። ሙቅ ውሃ አያሳልፉበት። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የበለጠ ያጣራል፤ ግን አሮጌዎቹ ለአንድ ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሦስትና አራት ጋሎን ወደ ፍሳሽ ይለቃሉ። የፊት ማጣሪያዎቹ በየ6 እስከ 12 ወር፣ ሜምብሬኑ በየ2 ወይም 3 ዓመት ይቀየራል።

ፒፋስ በቆዳ የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለገላ ውሃ ማጣሪያ አያስፈልግም። የሕፃን ዱቄት ወተት ግን በተጣራ ውሃ ይበጠበጥ። የሚያጠቡ እናቶች በዚህ ምክንያት ማጥባት አያቁሙ፤ የጡት ወተት ጥቅም ይበልጣል፣ የተጣራውን ውሃ እናቲቱ ትጠጣ።