«132–6» ወይስ «132–136»?

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ መጽሐፌን ላሳትም ነው። መጨረሻው ላይ በሚገባው ኢንዴክስ (ስሞችና ርእሶች የትኛው ገጽ ላይ እንዳሉ በሚጠቁመው ዝርዝር) «ከገጽ 132–136» ብዬ ጽፌ ነበር። አርታኢዬ «132–6» ብሎ አረመው። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ «ከገጽ» የሚለውን ያውጡት፣ ቁጥሩን ግን ሙሉውን ይተዉት። «132–136» ይበቃል።

አርታኢዎ የጻፈው ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት የመጣ ልማድ ነው። ኦክስፎርዶች (የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ማለቴ ነው) «132–6» ብለው ያሳጥራሉ። የቺካጎው የአጻጻፍ መመሪያ ደግሞ «132–36» ያደርገዋል። ኦክስፎርዶች ከ115 እስከ 118 ሲሆን ግን «115–8» አይሉም፤ «115–18» ነው የሚሉት። ለምን ቢሉ፣ 18 በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ስለሆነ አይከፈልም። እኛ ግን «አሥራ ስምንት» ብለን በሁለት ቃል ነው የምንጠራው። ምክንያቱ እኛ ጋ ሲደርስ አይሠራም። ታዲያ ልማዱን ብቻ ለምን እንዋሳለን? እኔ ራሴ አንድ ረቂቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ፣ 6 ለብቻው የቆመ ገጽ መስሎኝ ወደ መቅድሙ ተመልሻለሁ። ሁለት አሃዝ ለመቆጠብ ብሎ አንባቢን ማንከራተት ደግ አይደለም።

በግዕዝ ቁጥር ከጻፉማ ጭራሽ አያሳጥሩ፤ «፻፴፪–፻፴፮» ይበሉ።

ወደ «ከ» ልመለስ። «132–136» የሚለውን ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት። «ከመቶ ሠላሳ ሁለት እስከ መቶ ሠላሳ ስድስት» ነው የሚሉት አይደል? ጭረቷ «ከ»ንም «እስከ»ንም ይዛለች። ስለዚህ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሆን «ከገጽ 132 እስከ 136» ብለው በፊደል ይጨርሱት። ኢንዴክስ ውስጥ ግን ቁጥሩ ሁሉ የገጽ ቁጥር ስለሆነ «ገጽ» ማለትም አያስፈልግም።

ከማሳጠሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ዓባይ፣ 12–14» ካሉ፣ ስለ ዓባይ የተጻፈው ሳይቋረጥ ሦስት ገጽ ሄዷል ማለት ነው። «ዓባይ፣ 12፣ 13፣ 14» ካሉ ደግሞ ስሙ በየገጹ እግረ መንገዱን ተነሥቷል ማለት ነው። ብዙ ደራሲዎች ቁጥሮቹ ተከታታይ ከሆኑ ዝም ብለው በጭረት ያያይዟቸዋል። አንባቢው ሰፊ ትንታኔ አገኛለሁ ብሎ ይገልጥና ስሙን ብቻ ያገኛል። እባክዎ እያንዳንዱን ጭረት ገጹን ከፍተው ያረጋግጡ። ይህንንም የገጹ አቀማመጥ ካለቀ በኋላ ያድርጉት፤ አንድ ፎቶ ቢጨመር እንኳ 132 የነበረው 133 ሊሆን ይችላል።