ጋሼ፣ ስክሪፕት ይሸጣል እንዴ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ጋሼ፣ ለመሥሪያ ቤታችን የደመወዝ ፕሮግራም የጃውስ ስክሪፕት እየጻፍኩ ነው። ሌላ ቅርንጫፍ ያሉ ሁለት ዓይነ ስውራን ስጠን እያሉኝ ነው። ገንዘብ ብጠይቃቸው ነውር ይሆን?» ይላል። ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ ቀጠለ። «ስክሪፕት የሚያስተምር ሰው አግኝቼ ነበር። ብር ሲጠይቀኝ ተናደድኩና ተውኩት።»

ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ መናገሩ አሳቀኝ። መሸጥ ያሳፍረዋል፤ መግዛት ያናድደዋል። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ለሱ የመለስኩትን እናንተም ብታነቡት አይከፋም ብዬ ነው ይኼን የምጽፈው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። እኛ ዓይነ ስውራን ኮምፒውተር የምንጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው፤ ማያው ላይ ያለውን በድምፅ ያነብልናል። ጃውስም ከነዚህ አንዱ ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ቁልፎቹን ስም ካላወጣላቸው ግን ስክሪን ሪደሩ «ግራፊክ 218» ብሎ ዝም ይላል። 218 ምንድን ነው? አስቀምጥ ነው? ሰርዝ ነው? እንግዲህ ደፍሮ መጫን ነው። ስክሪፕት ይኼን ለስክሪን ሪደሩ የሚያስረዳ ኮድ ነው። «218 ያልከው ‹አስቀምጥ› ነው። ይኼን ቁልፍ ስጫን ደግሞ እዚያ ጥግ ያለውን ሳጥን አንብብልኝ» ይለዋል።

እኔ ጃውስን ያወቅኩት አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ነው። ፈቃድ ያልተገዛለት ጃውስ 40 ደቂቃ ይሠራል። ከዚያ ፀጥ ይላል። እንደገና ለመስማት ኮምፒውተሩን ዘግቶ ማስነሳት ነው። የኛ ኮምፒውተር ደግሞ እስኪነሳ ድረስ ቡና ይፈላ ነበር። በ38ኛው ደቂቃ የጻፍኩትን ሴቭ ማድረግ የለመድኩት ያኔ ነው። (ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። እንግዳ ቤት ሄደን አርባ ደቂቃ ሲደርስ መቁነጥነጥ እጀምራለሁ።) በኋላ አንድ ጓደኛችን ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ ጃውስ በሲዲ ይዞ መጣና ተገላገልን። ዋናው ዋጋ ወደ አንድ ሺህ ዶላር ነበር፤ ከኮምፒውተሩ ይበልጣል። አላፍርበትም ብዬ አልዋሻችሁም። ሌላ መንገድ ነበረኝም አልላችሁም።

ያን ሲዲ ስንቀባበል ጃውስን የጀመረው ሰው ራሱ ዓይነ ስውር መሆኑን አናውቅም ነበር። ቴድ ሄንተር ይባላል፤ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን አጣ። ጃውስ የወጣው በ1989 ነው። እኛ ግን ፈረንጅ ካለው ሀብት ቆንጠር ያደረግን ነበር የመሰለን። አስቡት፣ የወሰድነው እንደኛው በጆሮው ከሚሠራ ሰው ነው።

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ጀመረው፤ ከዚያ ጄምስ ቴህ ተጨመረ። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። የሚያይ ሰው ማያውን ለማየት ሳይከፍል እኛ ለመስማት የምንከፍልበት ምክንያት አልታያቸውም። ፕሮግራሙን በነፃ ለቀቁት፤ ኮዱንም ጭምር። ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤንቪዲኤን በነፃ የሚሰጠው ድርጅት የማስተማሪያ መጻሕፍቱን ይሸጣል። ዎርድን በኤንቪዲኤ፣ ኤክሴልን በኤንቪዲኤ የሚያስተምሩትን ማለቴ ነው። ፈተናውንም በነፃ ትፈተናላችሁ፤ የምስክር ወረቀቱን ከፈለጋችሁ ግን ትከፍላላችሁ። ይኼን ስሰማ መጀመሪያ ቅር አለኝ። ቆይቼ ሳስበው፣ እነዚህ ሰዎች በሩን ከፍተው የአስተማሪውን ምሳ ከየት እንደሚያመጡ የቆረጡ ናቸው።

አሜሪካ ገብቼ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ጥሪ ማዕከል ውስጥ ተቀጠርኩ። የደንበኛው ቀሪ ሂሳብ የሚወጣበትን ሳጥን ጃውስ አያነበውም። የመጀመሪያውን ሳምንት ጎኔ የተቀመጠችውን ልጅ «እባክሽ ስንት ይላል?» ስል ከረምኩ። ከዚያ የስክሪፕት ባለሙያ መጣ። ሁለት ቀን ሠርቶ ሄደ፤ ሳጥኑም አፍ አወጣ። ስንት እንደተከፈለው ስሰማ ወንበሬን ያዝኩ። የወር ደመወዜን ያክላል። ከኔ ግን ሳንቲም አልወጣም። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሸክሙን አሠሪው ላይ ጥሎታል። አንዳንዴም ክፍለ ግዛቱ ይከፍላል። የስክሪፕት ዋጋ ሰማይ የነካው ለዚህ ነው። የተተመነው ለመሥሪያ ቤት ኪስ ነው። ያንኑ ዋጋ ጅማ ያለ ተማሪ ሲያየው ሰደቡኝ ቢል አይፈረድበትም።

ስለዚህ ለልጁ የነገርኩት የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው። ሁለቱ ልጆች ከደመወዛቸው ቆርጠው አይክፈሉህ። የማያነብ ፕሮግራም የገዛው መሥሪያ ቤቱ ነው። ዓይነ ስውር ሠራተኛ እንዳለው እያወቀ ነው የገዛው። አገራችን ውስጥም አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ፤ አሠሪ ሥራውንና መሣሪያውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲመች አድርጎ የማስተካከል ኃላፊነት አለበት። ደብዳቤ ጻፍ። ስንት ሰዓት እንደፈጀብህ፣ ፕሮግራሙ በተቀየረ ቁጥር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብህ በዝርዝር አስቀምጥ። እምቢ ሊሉህ ይችላሉ። እምቢታውን በጽሑፍ ተቀበል፤ የሚቀጥለው ሰው ይጠቀምበታል። ስክሪፕቱን ግን ለልጆቹ ዛሬውኑ ስጣቸው። ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ እነሱ «ግራፊክ 218» ሲሰሙ አይክረሙ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ጃውስ ላይ የምትጽፉት የኮድ ምንጭ ፋይል ጄኤስኤስ ይባላል፤ ማንም ከፍቶ ያነበዋል፣ ያርመዋል። ኮምፓይል ሲሆን፣ ማለትም ጃውስ ወደሚያስኬደው መልክ ሲቀየር፣ ጄኤስቢ ይወጣዋል። እሱ ይሠራል እንጂ ተከፍቶ አይታረምም። እኔ ሙያውን ከያዝኩ በኋላ ለአንዲት ያገራችን ሴት ስክሪፕት ሠራሁ። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እሷም ስልክ ላይ ነው የምትሠራው። ሰው ይገለብጥብኛል ብዬ ስለሠጋሁ ጄኤስቢውን ብቻ ሰጠኋት። ገንዘቤን ተቀበልኩ።

ሁለት ዓመት ሠራላት። ከዚያ እናቴ አረፈችና ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄድኩ። አርባዋን አውጥቼ ነው የተመለስኩት። በዚያ መሃል መሥሪያ ቤቷ ፕሮግራሙን አፕዴት አደረገ። የመስኮቶቹ ስም ተቀየረ። ስክሪፕቴ የሚፈልገውን መስኮት አጣ። «አንተ ልጅ፣ ያ ነገርህ ዲዳ ሆኗል» ብላ መልእክት ተወችልኝ። እኔ ስልኬን አልከፍትም። ሌላ ባለሙያ ጠሩላት። መጣ፣ ኮዱን ፈለገ፣ የለም። ምንጩ ቢኖረው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ከዜሮ ለመጻፍ ደግሞ በጀት ይፈቀድ ተባለ። ስመለስ ማዳመጫዋን ለሌላ ሰው ሰጥተውት እሷን ደብዳቤ ማጠፍ ላይ አስቀምጠዋታል። አሥራ አንድ ዓመት ስልክ ያነሳች ሴት ናት። በዚያው ቀን ምንጩን ይዤላት ሄድኩ፤ ገንዘቧንም ጭምር። ገንዘቡን መለሰችልኝ። «ይኼንን ሳይሆን ያኔ ያንን ብትሰጠኝ ኖሮ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምንጩን ሳልሰጥ የሸጥኩት ስክሪፕት የለም። እናንተም ስትገዙ «ጄኤስኤሱ አብሮ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ምክንያቱም ስክሪፕት ይሞታል። ዊንዶው አይዝ የሚባል ስክሪን ሪደር ነበር፤ ሰዎች ብዙ ስክሪፕት ጽፈውለታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ፣ ስክሪፕቶቹም አብረውት ሄዱ። በዚያው ዓመት ጊብሰን የተባለው ኩባንያ ሶናር የተባለውን የሙዚቃ ማቀናበሪያ ማሳደግ ማቆሙን አስታወቀ። ዓይነ ስውራን ሙዚቀኞች በሶናር ለመሥራት በመቶዎች ዶላር የሚሸጥ የጃውስ ስክሪፕት ይገዙ ነበር፤ ኬክቶኪንግ ይባላል። ስክሪፕቱ ጥሩ ነበር። የቆመበት መሬት ነው የተናደው። ብዙዎቹ ሪፐር ወደሚባለው ዞሩ። ለሪፐር ደግሞ ኦሳራ የተባለ ማሟያ አለ። ነፃ ነው፤ የጀመረውም ያው ጄምስ ቴህ ነው።

እንግዲያው ነፃው ይሻላል ልትሉ ነው። ቆዩ። ኤንቪዲኤ በ2019.3 እትሙ የተጻፈበትን የኮድ ቋንቋ ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3 ሲያሻግር በነፃ የተሠሩ ስንትና ስንት ማሟያዎች ተሰበሩ። ባለቤታቸው ያረማቸው ተረፉ። ባለቤታቸው ሥራ የያዘ፣ የወለደ፣ የደከመው ደግሞ እዚያው ቀሩ። ማንን ትወቅሳላችሁ? አልከፈላችሁትም። ዋጋውን ስጠይቅ የማስበው ይኼን ነው። ፋይሉ ራሱ ምንም አያወጣም፣ በአንድ ደቂቃ ይገለበጣል። ገንዘብ የሚገባው በሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራሙ ሲቀየር ስልኩን የሚያነሳው ሰው ነው። አንድ ሻጭ «አንዴ ክፈል፣ ለዘላለም ያንተ ነው» ሲላችሁ ጆሮአችሁ ይቁም።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለውን እወቁ። አንድ ወጣት ሰባት ቁልፍ ስም ያወጣ ስክሪፕት በ50 ዶላር ገዝቶ አሳይቶኛል። ጃውስ ላይ ኢንሰርት ጂ ተጭኖ ራሱ ስም ሊሰጣቸው ይችል ነበር። ሰባቱም አሥር ደቂቃ አይፈጁም። ልጁ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደመሰለ አላየሁም፣ ዝምታው ግን ረዘመ።

ትምህርቱስ? እዚህ ላይ ሐሳቤ ለየት ይላል። ስለ ጃውስ ስክሪፕት የሚያስረዳ ነፃ መመሪያ ከራሱ ከአምራቹ ይገኛል። እኔ የጀመርኩት በሱ ነው። ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስት ጊዜ ተኝቼበታለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ የሚያስተምር አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከፍዬ ያዝኩ። አንድ ቀን የሠራሁትን በኩራት አሰማሁት። ደንበኛ በከፈትኩ ቁጥር ጃውስ ስሙን፣ የሂሳብ ቁጥሩን፣ አድራሻውን፣ ቀሪ ሂሳቡን ይደረድራል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «በቀን ስንት ደንበኛ ትከፍታለህ?» አለኝ። መቶ ሃምሳ ገደማ አልኩት። «እንግዲያው አሁን መቶ ሃምሳ ጊዜ ከፍተህ አሰማኝ» አለ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሁለታችንም ስቀን ተውነው። በማግስቱ ከቀሪ ሂሳቡ በስተቀር ሁሉንም ከቁልፍ ጀርባ አስገባሁት፤ ስፈልግ ብቻ እንዲናገር። ይኼ መመሪያው ውስጥ የለም። ለዚያ ሰው የከፈልኩት ገንዘብ አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ስለዚህ ጥያቄ ለሚመልስ፣ የጻፋችሁትን ሰምቶ ለሚያርም አስተማሪ ክፈሉ። ነፃውን መመሪያ በድምፁ አንብቦ ቀድቶ ለሚሸጥ አትክፈሉ። በአማርኛ የሚያስተምር ካገኛችሁ በተለይ አትከራከሩት። ዶላር ካርድ የለኝም የሚለው ሰበብም እሱ ጋ አይሠራም፣ በቴሌብር ይቀበላችኋል። የሌለው ተማሪ ካለ ሁለት ሆናችሁ ተጋሩ፤ አስተማሪውም አይቶ እንዳላየ ይለፍ።

ነገሩን ያነሳሁት ለራሴም ስለሚቆረቁረኝ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነፃ ድምፅ አማርኛ ያነባል። እግዜር ይስጣቸው፣ የሠሩት ሰዎች አስበውልናል። ግን ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። ማሽኑ የበዓሉን ገናና «ገና አልደረሰም» የሚለውን ገና በምን ይለያቸው? ዋናና ዋናስ? ይኼን የሚያስተካክለው አማርኛ አፉን የፈታበት፣ ኮድም የሚጽፍ ሰው ነው። የወራት ሥራ ነው። ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ በነፃ እየሠራ የቤት ኪራይ ሲደርስበት ሊተወውም ይችላል። አንድ ሺህ ሰው በወር ሃያ ሃያ ብር ቢያዋጣለት እንደ ዕቁብ ነው፤ ማንም ሳይጎዳ እሱ ወንበሩ ላይ ይቆያል።

ልጄ፣ ወዳንተ ልመለስ። ያን አስተማሪ ደውለህ ይቅርታ ጠይቀው። ደብዳቤውን ከማስገባትህ በፊት ላክልኝ፣ አየዋለሁ። የላክልኝ ስክሪፕት ኮምፓይል አልሆንም ያለህ ደግሞ ሦስተኛው ኢፍ ስላልተዘጋ ነው። ከታች አምስተኛው መስመር ላይ ኢንድኢፍ ጨምርና ኮንትሮል ኤስ በል።