የተቃጠለው ላፕቶፕ ይዞት የቀረው ፈቃድ

ከፍኖተ ሰላም የጻፉልኝ አንባቢ አነስተኛ የቀረጻ ስቱዲዮ አላቸው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የበገናና የማሲንቆ ሥራ፣ አልፎ አልፎም የሠርግ ዘፈን ይቀርጻሉ። ባለፈው ዓመት ኮምፕረሰር (የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያመጣጥን)፣ ኢኳላይዘር (ወፍራምና ቀጭኑን ድምፅ የሚያስተካክል) እና ሪቨርብ (ድምፅን እንደ አዳራሽ የሚያስተጋባ) ያሉበትን አንድ የፕለጊን ጥቅል፣ ማለትም በመቅጃው ሶፍትዌር ላይ እየተጨመሩ ድምፅን የሚያስተካክሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን፣ በቅናሽ ያገኙት አሜሪካ በሚኖሩት እህታቸው በኩል ነበር። እህታቸው በራሳቸው ኢሜይል አካውንት ከፍተው፣ በራሳቸው ካርድ ከፍለው፣ የይለፍ ቃሉን በስልክ ነገሯቸው። በክረምቱ መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ የላፕቶፑ ማዘርቦርድ ተቃጠለ። በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ፕለጊኖቹን ቢጭኗቸውም የተፈቀደው የኮምፒዩተር ብዛት ሞልቷል የሚል መልእክት እየመጣ አልከፈት ብለዋል። ይህ በእንዲህ እንዳለ ያው ድርጅት 249 ዶላር ይባል የነበረ ሌላ ጥቅል በ39 ዶላር አውጥቷል፤ በቴሌግራም ደግሞ አንድ ሻጭ ብዙ ፕለጊን ያለበትን አካውንት በጥቂት ሺህ ብር ሊሸጥላቸው ጠይቋቸዋል። «የድሮውን ትቼ አዲሱን ልግዛ ወይስ ከቴሌግራሙ ሰው ልውሰድ?» የሚለው ነው ጥያቄያቸው።

ለጊዜው ሁለቱንም አያድርጉ። የገዙት ፕለጊን አልጠፋም፤ የጠፋው እርሱን የያዘው ማሽን ብቻ ነው። አሠራሩን ካወቁ በኋላ ቅናሹን በሌላ ዓይን ስለሚያዩት፣ በመጀመሪያ እርሱን ላስረዳዎት።

ፈቃድ ወይም በተለምዶ ላይሰንስ የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። አንደኛው በአምራቹ ዘንድ ባለው አካውንትዎ ውስጥ የተመዘገበው ሲሆን፣ ይህ ሰው ይህን ፕለጊን እንደገዛና በስንት ኮምፒዩተር ላይ ሊጠቀምበት እንደሚችል ይናገራል። ሁለተኛው በእርስዎ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ነው፤ ፕለጊኑ በተከፈተ ቁጥር ይህን ፋይል ከኮምፒዩተሩ መለያ ጋር ያመሳክራል። መለያው የሚቀመረው ከማዘርቦርዱ፣ ከዲስኩና ከመሳሰሉት ክፍሎች ቁጥር ስለሆነ፣ ማዘርቦርድ የተቀየረለት ላፕቶፕ ሽፋኑና ዲስኩ የድሮው ቢሆን እንኳ ለፕለጊኑ አዲስ ማሽን ነው። የተቃጠለው ላፕቶፕ ደግሞ በመዝገቡ ላይ አሁንም እንደሚሠራ ተቆጥሮ አንዱን ቦታ ይዟል። መልእክቱ የሚመጣው በዚህ ምክንያት እንጂ እርስዎ ባጠፉት ነገር አይደለም።

መፍትሔው አሮጌውን ማሽን ከመዝገቡ ማስነሣት ነው። ወደ አካውንቱ ገብተው የተፈቀደላቸውን ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ይፈልጉ፤ ብዙ አምራቾች ከሩቅ ሆነው አሮጌውን እንዲሰርዙ ይፈቅዳሉ፤ ይህ ካለ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ከሌለ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት መጻፍ ያስፈልጋል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የግዢውን ቁጥር፣ የፕለጊኑን ስም፣ የአሮጌውንና የአዲሱን ኮምፒዩተር ስም፣ ማዘርቦርዱ መቼና እንዴት እንደተቃጠለ ይግለጹ፤ ከግዢው ጊዜ የመጣውን ደረሰኝ አያይዙ። የጥገና ባለሙያው የሰጠዎት ወረቀት ካለ ፎቶ አንሥተው ይጨምሩበት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለእነርሱ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቅፋት አለ። ድርጅቱ የሚያውቀው እህትዎን እንጂ እርስዎን አይደለም፤ ደብዳቤው ከእርሳቸው ኢሜይል ካልተላከ ምናልባት መልስ አያገኙም። ስለዚህ ጽሑፉን እርስዎ አዘጋጅተው እርሳቸው ይላኩት፤ በዚያው ደብዳቤ ፈቃዱ በእርስዎ ስምና ኢሜይል ወደሚከፈት አካውንት እንዲዛወር ይጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች ዝውውሩን በነጻ ያደርጋሉ፤ አንዳንዶች ያስከፍላሉ፤ በስጦታ ወይም በልዩ ቅናሽ የተሰጠ ፈቃድ ጨርሶ እንዳይዛወር የሚከለክሉም አሉ። ክፍያው ከፕለጊኑ ዋጋ የሚቀራረብ ከሆነ ዝውውሩን ይተዉትና የእህትዎ አካውንት በጥንቃቄ እንዲያዝ ብቻ ያድርጉ።

ወደፊት ዘመድ ሲከፍልልዎት በመጀመሪያ አካውንቱን በራስዎ ኢሜይል እርስዎ ይክፈቱ። ከአገር ውስጥ ባንክ የምንይዘው ተራ ካርድ በውጭ ገበያ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሠራ የሌላ ሰው ካርድ መጠቀሙ ነውር የለውም፤ ከፋይና ባለቤት ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሁሉም የሚቀለው እንደ ፕለጊን ቡቲክ ካሉ አከፋፋዮች መግዛት ነው፤ እህትዎ በስማቸው ከፍለው የሚደርሳቸውን የመመዝገቢያ ቁጥር ይልኩልዎታል፣ እርስዎ ደግሞ በአምራቹ ዘንድ በከፈቱት የራስዎ አካውንት ላይ ያስመዘግቡታል። ፕለጊኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእርስዎ ስም ይሆናል።

አሁን ወደ 39 ዶላሩ ልምጣ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ትንሽ የሚመስል ዋጋ ለእኛ ትንሽ አይደለም፤ መጠንቀቅዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን 249 የሚለውን ቁጥር ከሐሳብዎ ያውጡት። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ በ39 የሚሸጥ ዕቃ ዋጋው 39 ነው። የቡሬ በርበሬ ነጋዴ የክረምቱን ዋጋ በጥር ዋጋ እንደማይመዝን ሁሉ፣ የፕለጊን ገዢም የዕቃውን ወቅት ማወቅ አለበት። ትልቁ ቅናሽ በአሜሪካ የምስጋና በዓል ማግስት ባለው ዓርብ የሚውለው ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ከኅዳር ሚካኤል በኋላና ከኅዳር ጽዮን በፊት ይወድቃል። በገጹ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት አያስቸኩልዎ። በሌላ በኩል ቫልሃላ የተባለው የሪቨርብ አምራች ፕለጊኖቹን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ፣ በ50 ዶላር፣ ያለ ምንም ቅናሽ ይሸጣል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ አምራች ወቅት መጠበቅ ትርፍ የለውም።

ከዋጋው በፊት የምጠይቀው ፈቃዱ የት እንደሚኖር ነው፤ ለጎጃም ስቱዲዮ ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። አንዳንድ አምራቾች፣ ለምሳሌ ፋብፊልተር፣ ፈቃዱን በቁጥር ብቻ ይሰጣሉ፤ አንዴ ካስገቡት በኋላ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ይሠራል። አይሎክ የተባለውን ሥርዓት የሚጠቀሙ አምራቾች ደግሞ ፈቃዱን በዩኤስቢ ቁልፍ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ወይም በክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ባለ ማከማቻ) እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳሉ፤ ሦስቱም በሁሉም ፕለጊን ላይ አይገኙም። የክላውዱ ዓይነት ፕለጊኑ እስከሚዘጋ ድረስ የኢንተርኔት ግንኙነት ስለሚፈልግ ለእኛ አይሆንም። በኮምፒዩተሩ ላይ የተቀመጠውም እንደ እርስዎ ዓይነት አደጋ ሲደርስ ከአምራቹ ጋር ደብዳቤ መጻጻፍን ያስከትላል። ብዙ ፕለጊን የሚገዛ ሰው ቁልፉን ገዝቶ ከኮምፒዩተሩ ለይቶ ቢይዘው ይሻለዋል፤ ላፕቶፑ ቢቃጠል ቁልፉ ተነቅሎ ሌላ ላይ ይሰካል። ዌቭስና ፕለጊን አሊያንስ የተባሉት አምራቾች ፈቃዱን በተራ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ። ያ ፍላሽ ግን ለሌላ ሥራ አይዋል፤ ቫይረስ ገባበት ብሎ ልጅ ፎርማት ቢያደርገው ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል።

ኢንተርኔት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ማስከፈት የሚቻልበትን መንገድም ይጠይቁ። አምራቹ ከፈቀደው አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የስቱዲዮው ኮምፒዩተር አንድ የጥያቄ ፋይል ያወጣል፤ ያንን በፍላሽ ይዘው ኢንተርኔት ወዳለበት ኮምፒዩተር ሄደው በአካውንትዎ ይሰቅሉታል፤ የሚሰጥዎትን የመልስ ፋይል መልሰው ያስገባሉ። አድካሚ ቢመስልም ከዚያ በኋላ ያለ ስጋት ይሠራሉ።

የወር ወይም የዓመት ክፍያ ያለው ፈቃድ በእኛ አካባቢ ለዋና ሥራ እንዳይሆን የምመክረው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ባለው ስቱዲዮዬ በወር ክፍያ የምጠቀምበት የድምፅ ማጽጃ ፕለጊን ነበረኝ። ፈቃዱን በየጊዜው ከድርጅቱ ጋር ማረጋገጥ ስለነበረበት ለጥቂት ሳምንታት ሠርቶ ተቆለፈ። ከአርባ በላይ ትራክ ያለው የአንድ መዘምራን ቡድን ሥራ በመሀል ቀረብኝ፤ የሰዎቹን ፊት ማየት ከብዶኝ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ትራክ እንዳለቀ ከነፕለጊኑ ወደ ድምፅ ፋይል እቀይረዋለሁ፤ ያልተነካውን ቅጂም ለብቻው አስቀምጣለሁ። ፕለጊኑ ነገ ባይከፈት እንኳ የተሠራው ድምፅ ይቀራል። እርስዎም ከዛሬ ጀምረው ይህን ይልመዱ።

አንዴ ተከፍሎበት ለሁልጊዜ ተገዛ የሚባለውም ፈቃድ ቢሆን ዘላለማዊ ነው ማለት አይደለም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዌቭስ የቋሚ ፈቃድ ሽያጭን ትቶ በደንበኝነት ክፍያ ብቻ እንደሚሠራ አስታውቆ፣ የተጠቃሚዎች ተቃውሞ ስለበረታበት በቀናት ውስጥ ውሳኔውን ቀለበሰ። የሙዚቃ ሶፍትዌር አምራቹ ስታይንበርግም ፈቃድ ይያዝበት የነበረውን የኢላይሰንሰር ቁልፍ አገልግሎት ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ አሮጌ ፈቃድ ከሰው ሲገዙ ሥርዓቱ አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይስጡ። አዲሱ ጥቅል የእርስዎን ዊንዶውስ የሚደግፍ መሆኑንም በአምራቹ ገጽ ላይ ያንብቡ፤ ዊንዶውስ 7 የያዘ ኮምፒዩተር ላይ ከዘንድሮ ፕለጊኖች ብዙዎቹ አይጫኑም።

ሌላው ቁም ነገር ሳይሞክሩ አለመግዛት ነው። ፋብፊልተር ለ30 ቀን ሙሉ ሥራውን ያስሞክራል፤ ሌሎችም ተመሳሳይ የሙከራ ጊዜ ይሰጣሉ። ሙከራውን በራስዎ ቀረጻ ያድርጉት። አምራቹ የሚያሰማዎት ናሙና የጊታርና የከበሮ ነው፤ የእርስዎ ሥራ ግን በገና ነው። የበገና ድምፅ ያንን የሚንዘረዘር ጠባዩን የሚያገኘው ከዐሥሩ አውታር ሥር ከሚገቡት እንዚራ ከሚባሉት የቆዳ ቁራጮች ነው፤ ጫጫታ የሚያስወግድ ፕለጊን ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሲበላው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የማሲንቆው ጭራ የሚሰጠው የፍትጊያ ድምፅም እንዲሁ ይበላል። በመዝሙር ላይ ደግሞ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ማፏጨትን የሚያለዝበው ዲኤሰር ሲበዛ «ጸ» እና «ጨ» ጥርት ብለው እንዳይነገሩ ስለሚያደርግ፣ የቃሉ ትርጉም እስኪደበዝዝ ድረስ ይደርሳል። እነዚህን በሙከራው ጊዜ ካልሰሙ ከከፈሉ በኋላ ይሰሟቸዋል።

የቴሌግራሙን ሰው በተመለከተ ብዙ አልልም። አካውንት መሸጥን አብዛኞቹ አምራቾች አይፈቅዱም፤ ዋናው ባለቤት በኢሜይሉ የይለፍ ቃሉን በቀየረ ቀን እጅዎ ባዶ ይቀራል፤ ሰውየው ያንኑ አካውንት ለስንት ሰው እንደሸጠው የሚያውቁበት መንገድ የለም። ያገለገለ ፈቃድ መግዛት ካስፈለገ ሕጋዊው መንገድ ሻጩ በአምራቹ በኩል ወደ አካውንትዎ እንዲያዛውር ማድረግ ነው። የተሰበረ ሶፍትዌር፣ በተለምዶ ክራክ የምንለውን የሚጭኑ ባልደረቦችም አሉ፤ የደንበኛ ሥራ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፕሮግራም ማስገባት የሰው አደራ ላይ መድፈር ስለሆነ አልመክርም።

የእህትዎ ደብዳቤ መልስ እስኪመጣ ድረስ በእጅዎ ያለው ሥራ መቆም የለበትም። ሪፐር የተባለውን የመቅጃ ሶፍትዌር ለ60 ቀን በነጻ መሞከር ይቻላል፤ በዓመት ከ20,000 ዶላር የማይበልጥ ገቢ ላለው ሰው ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፤ ፈቃዱም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፋይል ነው። ኢኳላይዘሩ፣ ኮምፕረሰሩና ሪቨርቡ አብረውት ይመጣሉ። የቶክዮ ዶውን ላብስ ኖቫ የተባለው ኢኳላይዘርና የቫልሃላ ሱፐርማሲቭ በነጻ ይገኛሉ፤ ኖቫ የሚያፏጨውን ድምፅ ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ድምፁ በበረታ ጊዜ ብቻ ዝቅ እንዲያደርግ ማስተካከል ስለሚቻል፣ ለመዝሙር ቀረጻዎ የተለየ ዲኤሰር ሳይገዙ ሊበቃዎት ይችላል። በእነዚህ አንድ መዝሙር ጨርሰው ያዳምጡ፤ የጎደለዎትን አንድ ነገር በስሙ ለይተው መጥራት ከቻሉ ያንን ብቻ በኅዳር ይግዙ። ጥቅሉ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ቀድሞ በተገዛው ውስጥ ያሉ ሊሆኑ ስለሚችሉ የሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ያመሳክሯቸው። የላፕቶፑን ቻርጀርም ያለ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ግድግዳው ላይ ዳግመኛ አይሰኩት።