ማሽኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ባልዲውን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ መሐል አዲስ አበባ ካሉ ሆስፒታሎች ፕላስቲክ ልትሰበስቡ፣ ፈጭታችሁ የመናፈሻ ወንበርና የወለል ንጣፍ ልትሠሩ አስባችኋል። «የቱን መፍጫ ማሽን እንግዛ?» ነው ያልሽው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። እኔ እዚሁ መሐል ከተማ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በአካባቢ ጤና ባለሙያነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ቆሻሻው ከአልጋ ሥር ተነስቶ የት እንደሚደርስ በእግሬ ተከትዬ አይቻለሁ። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት ስለ ባልዲ ላውራሽ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ያህሉ ከቤት ቆሻሻ አይለይም። ካርቶን፣ ሃይላንድ፣ ማሸጊያ፣ የምግብ ትርፍ ነው። አደገኛው 15 በመቶ ገደማ ነው። ግን ሁለቱ ከተነካኩ ነገሩ አለቀ። ደም የነካው አንድ ጥጥ ካርቶን የሞላው ከረጢት ውስጥ ከገባ፣ ከረጢቱ በሙሉ ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። የናንተ ወንበርም አብሮ ተቃጠለ ማለት ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ጥቁር ባልዲ ለተራ ቆሻሻ፣ ቢጫ በበሽታ ለተበከለ፣ መርፌና ስለት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ። ዋርድ ውስጥ ግን አስታማሚ አለ። ከቤት ምግብ ቋጥሮ ይመጣል፣ ሙዝ ይልጣል፣ ልጣጩን ቅርቡ ባገኘው ባልዲ ይጥላል። ቅርቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቢጫው ነው። እኛ ጥቁሩን ከበሩ ሥር አንስተን አልጋዎቹ መሐል አደረግነው። ላዩ ላይ የሙዝ ልጣጭና የሃይላንድ ሥዕል ለጠፍንበት። ከሰጠነው ሥልጠና ሁሉ ያቺ ሥዕል ሠራች።

ይሄን ነገር ለምን እንደማጠብቀው ልንገርሽ። አንድ ጠዋት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጥቁር ከረጢት ይዛ ደረጃ ስትወርድ ከረጢቱ ጭኗን ነካት። ቀጥ ብላ ቆመች። ሽርጧን ገለጥ ስታደርግ ሱሪዋ ላይ ትንሽ የደም ነጥብ አየን። ካርቶኑ መሐል ክዳን የሌለው መርፌ ነበር። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እሷ የዚያኑ ቀን ጀመረች። 28 ቀን ሙሉ እያቅለሸለሻት ሥራ ትገባ ነበር። ነፃ ነሽ እስክትባል ልጇን ለመሳም ትፈራ ነበር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ ማንም አልሰጣትም ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ያልተከተበ ሰው በሄፓታይተስ ቢ በተበከለ መርፌ ከተወጋ የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ያ መርፌ እሷን ባያገኛት ኖሮ ቆሼ ላይ በባዶ እጁ የሚለቅም ሰው ያገኝ ነበር። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀበረው ያ ቆሼ። ስለዚህ እባክሽ፣ አንድም ሰው ከረጢት ከማንሳቱ በፊት አስከትቡ። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው የሚወሰደው፣ ለመጨረስ ስድስት ወር ይፈጃል። ከማሽኑ ዋጋ በፊት የዚህን በጀት ያዙ።

ወደ ፕላስቲኩ ልምጣ። ለናንተ የሚሆነው ሀብት ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ክፍል ነው ያለው። የእጥበት ማሽኑ የሚጠቀምበት ፈሳሽ በጄሪካን ይመጣል። ጄሪካኑ ወፍራም ነው፣ በሽተኛ አይነካውም፣ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነም ሲቀልጥ አያስቸግርም። ግን በቢላ ሳትቀድዱት ከግቢ እንዳይወጣ። እኛ በፊት ጄሪካን እንዳለ ነበር የምንሸጠው። አንድ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ስዞር የእኛ ቀይ ምልክት ያለባቸው ሦስት ጄሪካኖች አየሁ። ታጥበው ለውሃ መቅጃ ተደርድረዋል። የአንዱን ክዳን ከፍቼ አሸተትኩ። ፎርማሊን ነው፣ ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መርዛማ ኬሚካል። ከላቦራቶሪ የወጣ መሆኑ ገባኝ። ሦስቱንም ገዝቼ እዚያው በቢላ ቀደድኳቸው። ሻጩ ግራ ገብቶት ያየኝ ነበር፣ ስነግረው ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ፎርማሊን የነካ ጭራሽ አይሸጥም፣ ሌላውም ታችና ጎኑ ሳይቀደድ በር አያልፍም።

የግሉኮስ ጠርሙስም ጥሩ ነው። ግን ቱቦው ተነቅሎ ወደ ቢጫው መሄድ አለበት፣ ጠርሙሱም ውስጥ ሌላ መድኃኒት ያልተጨመረበት መሆን አለበት። ከካንሰር ክፍል የወጣ ምንም ነገር አትንኩ። አውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን፣ በ121 ዲግሪ ጀርሙን ይገድላል፣ የካንሰር መድኃኒቱን ግን አያጠፋውም። ቱቦና የደም ከረጢት ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ትንሽ ፒቪሲ ከሌላው ጋር ከቀለጠ ምርቱን ያበላሻል፣ የሚያቃጥል የአሲድ ጋዝም ይለቃል።

ስሪንጅ ላይ ዓይናችሁን እንደጣላችሁ ገምቻለሁ። እውነት ነው፣ አካሉ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ስለሆነ አውቶክሌቭን ይችላል። ኔፓል፣ ካትማንዱ ያለው ቢር ሆስፒታል ቆሻሻውን በአውቶክሌቭ አክሞ ለመልሶ መጠቀም የሚሆነውን መሸጥ ችሏል። ግን እዚያ ሥራው የተጀመረው ዋርድ ውስጥ በመለየት ነው። አንቺ በስሪንጅ አትጀምሪ።

ካርቶኑን ቆራሌውም ይገዛችኋል። የወጥ ቤቱ የድንችና የጎመን ልጣጭ ለሆስፒታሉ አትክልት ቦታ ኮምፖስት ይሆናል። ብዙ ገንዘብ የለውም፣ ግን የግቢው ሰው እንዲያምናችሁ ያደርጋል። ያ እምነት ከሌለ ዲያሊሲስ ክፍል በር እንኳ አያስጠጓችሁም።

አሁን የማደርገው ቢሆን፣ አንድ ፈቃደኛ ሆስፒታል አግኝቼ ሚዛን ይዤ እገባለሁ። ለአንድ ወር ጄሪካኑን፣ የግሉኮስ ጠርሙሱንና ካርቶኑን ለየብቻ በየቀኑ እመዝናለሁ። በዓል ሲደርስ አስታማሚ ስለሚበዛ ቆሻሻው ይቀየራል፣ እሱንም ጻፉት። ኪሎውን ይዘሽ ተመለሽ፣ የማሽኑን መጠን ያኔ አብረን እናስላለን።