አልፋ ይበልጣል ዴልታ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ፣ ከፍኖተ ሰላም ነኝ። አንድ ጓደኛችን ቲክቶክ ላይ ስፔትስናዞች (የራሻ ልዩ ኮማንዶዎች) መጥረቢያ ሲወረውሩ አይቶ ጠላ ቤት በገባን ቁጥር ራሻን ማንም አይችላትም እያለ አስቸገረን፣ እውነት ከምዕራቦቹ ይበልጣሉ እንዴ?

መልስ፦ መጥረቢያው ለካሜራ ነው ተወው። ስፔትስናዝ የሚባለው ደግሞ አንድ ጦር አይደለም፣ የብዙ ልዩ ኃይሎች መጠሪያ ነው፣ ከነሱም እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የወታደራዊ ስለላው ክፍል በብርጌድ የተደራጀ ትልቅ ኃይል ነው፣ ስራውም ከጠላት ጀርባ ገብቶ መሰለልና ማፈራረስ፣ ስለዚህ እሱን ታጋች ከሚያስለቅቀው የአሜሪካ ልዩ ኃይል ከዴልታ ጋር ማወዳደር አይሄድም። ለዴልታ የሚቀርበው የሶቭየት ስለላ ድርጅት ኬጂቢ በ1974 ያቋቋመው ፀረ ሽብር ቡድን አልፋ ነው።

ልዩነቱ እኔ እንደሚመስለኝ ጀግንነት ላይ ሳይሆን ለታጋቹ በሚሰጠው ቦታ ላይ ነው። በ1980 ለንደን ኢራን ኤምባሲ ውስጥ የእንግሊዝ ልዩ ኃይል ኤስኤኤስ ሰብሮ ሲገባ የሞተው ታጋች አንድ ነው፣ በ2002 ሞስኮ ቲያትር ቤት ግን በአየር ማስገቢያው ማደንዘዣ ጋዝ ለቀቁና አጋቾቹን ገደሏቸው፣ ግን ጋዙ ምን እንደሆነ ለሀኪሞቹ ስላልተነገራቸው ወደ 130 ታጋች አለቀ። በስላን በምትባል የራሻ ከተማ ትምህርት ቤት ሲታገት ደግሞ በ2004 ከአልፋና ቪምፔል ከሚባለው ሌላ የራሻ ልዩ ቡድን 10 ኮማንዶ ሞቷል፣ ህፃናቱን በሰውነታቸው የከለሉ ሁሉ ነበሩ፣ ታዲያ እነዚህን ማን ፈሪ ይላል? ምዕራቦቹም ቢሆኑ ሁሌ አይሳካላቸውም፣ አሜሪካ በ1980 ቴህራን ኤምባሲዋ ውስጥ የታገቱ ዜጎቿን ለማስለቀቅ ዴልታን ኢራን ልካ ታጋቾቹ ጋ ሳይደርሱ ሄሊኮፕተርና አውሮፕላን በረሃ ላይ ተጋጭተው 8 ወታደር ሞቷል።